መስመር አራትን ማን አጠፋው?

«ስህተቱ የተፈጸመው በሟች አቶ ዮሴፍ አድማሱ መለያ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 5፡41 ሰዓት ላይ፣ ያለ ኃላፊ ፈቃድ መሆኑን ኮሚቴው አረጋግጧል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር የሰፈረው በሪፖርቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነው። ለእኔ እንድፈርምበት የተላከልኝ አራተኛው ገጽ ነበር።

ወረቀቱን ያመጣችው የሥራ አስኪያጃችን ጸሐፊ ብሌን ናት። አራተኛው ገጽ ከላይ እንዲሆን አጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችውና እስክሪብቶ አቀበለችኝ።

«እዚህ ጋ ብቻ ነው እትዬ ጥሩወርቅ። የሲስተም ኃላፊ በሚለው ላይ።»

«ሌላውን ሳላነብ?»

«አቶ ብርሃኔ እንዳይደክሙ ብለው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለጤና ቢሮ መላክ አለበት።»

«ማንበብ አያደክመኝም» አልኳትና ገለበጥኩት። ብሌን አልሄደችም። በሩ ጋ ቆማ ጠበቀች።

ዮሴፍ ባሌ ነው። ያረፈው ታኅሣሥ 14 ቀን ነው። እንዴት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

ድርጅታችን ትንሽ ናት፤ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍሎች አሏት። ሥራችን በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ያሉ አርባ ስድስት የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ከሩቅ መጠበቅ ነው። እያንዳንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲም ካርድ ያለው ሴንሰር አለ። በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱን ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደምንጠቀምበት የሩቅ ኮምፒውተር፣ ይልካል። ከሁለት ዲግሪ በታች ከሆነ ክትባቱ ይበላሻል፤ ከስምንት በላይ ከሆነም ይበላሻል። እኛ ከክላውዱ ጋር የምንነጋገረው በአንድ ፕሮግራም ነው፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ትዕዛዝ ይጻፍበታል። አርባ ስድስቱን አንድ በአንድ ማዘዝ ስለማይቻል በቡድን ከፍለናቸዋል። ስልክ ደውሎ ሰው የሚቀሰቅሰው ማንቂያ የታሰረው ከቡድኑ ጋር ነው። ከቡድን የወጣ ማቀዝቀዣ ሙቀቱን መላኩን አያቆምም፤ ካርታው ላይም እንደ ሌሎቹ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ግን ሲሞቅ ማንም አይጠራለትም።

ቡድኖቹን ያወጣው ዮሴፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በክፍለ ከተማ ይደረድራቸው ነበር። እሱ ግን አራት ወር ሙሉ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ እየዞረ ዘበኞቹን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «እዚህ መብራት ሲጠፋ ከማን ጋር አብሮ ነው የሚጠፋው?» መብራት የክፍለ ከተማን ድንበር አያውቅም። ዘበኞቹ ግን በየማታው ቆመው ስለሚያዩት የትኛው መንደር ከየትኛው ጋር እንደሚጨልም ያውቃሉ። ከእነሱ ቃል ሰባት ቡድን አወጣ፤ መስመር ብሎ ጠራቸው። በአንድ መስመር ላይ ካሉት ሁለቱ መብራት ሲጠፋባቸው ፕሮግራሙ ለቀሩትም ቀድሞ ይደውላል፤ በረዶ አዘጋጁ ይላል። መስመር አራት ውስጥ ሰባት ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ሁለቱ አዲስ ከተማ፣ ሁለቱ ሐይቅ ዳር፣ ሦስቱ ከከተማ ወጣ ብለው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ ማታ፣ መስመር አራት ላይ መብራት ሄደ። እሑድን ሙሉ አልመጣም። አንድም ስልክ አልጠራም። ሰኞ ጠዋት ከሰባቱ የአንዱ ነርስ ሲስተር ታቢታ ማቀዝቀዣዋን ስትከፍት አሥራ አራት ዲግሪ ሆኖ አገኘችው። ደጇ ላይ ሕፃን ያዘሉ ሃያ የሚሆኑ እናቶች ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስልኬ ሁለት ቀን ትራሴ ሥር ነበር» አለችኝ ያን ቀን ደውላ። «አልጮኸም። ቻርጅ ሙሉ ነው። አሁን እነዚህን እናቶች ምን ልበላቸው? ከማዶ በእግር የመጡ አሉ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። መስመር አራት የሚባል ቡድን የለም። ያን ቀን እስኪመሽ ቁጭ ብዬ መልሼ ሠራሁት፤ ማን እንዳጠፋው መፈለግን ግን ለኮሚቴው ተውኩ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ብርሃኔ በማግስቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ራሱ፣ አባሉ ፕሮግራመራችን ፋሲል፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ብሌን። የሲስተም ኃላፊዋ እኔ አልገባሁም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ለአንቺ ብለን ነው» ተባልኩ። ይህን ቃል ካዘንኩ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው አንድ ነገር ሊደበቀኝ ሲፈለግ ነው።

እንግዲህ ለእኔ ብለው የጻፉት ሦስተኛው ገጽ ይኸው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ከሌሊቱ» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። ዮሴፍ ሌሊት ሥራ አይነካም ነበር። የደከመ ሰው ማሽን ማዘዝ የለበትም ይል ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ባለፉት ስድስት ወራት የጠፋ ቡድን ካለ ታሪኩን አውጣ ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር መልስ መጣ። ስሙ፤ የዮሴፍ። ትዕዛዙ፤ መስመር አራትን አጥፋ። ቀኑ፤ 2025፣ 03፣ 06። ሰዓቱ፤ 05፡41።

ክላውዱ ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ማርች ስድስት በእኛ የካቲት 27 ነው።

ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ሰባ ሦስት ቀን። ባሌ ካረፈ ሰባ ሦስት ቀኑ ነበር።

«ብሌን፣ ነይ ተቀመጪ።»

መጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልደትሽ መቼ ነው?»

«እ? ሰኔ አሥራ ሁለት።»

«በፈረንጅ?»

«ጁን አሥራ ዘጠኝ።»

«የራስሽን አሳምረሽ ታውቂያለሽ። ታዲያ ይሄን እስቲ እይው።» ስክሪኑን አዞርኩላት። «ከዓመቱ ላይ ስምንት ቀንሰሻል። ወሩንና ቀኑንስ?»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሦስተኛ ወር፣ ኅዳር፤ ስድስት። ከዚያ ማርች፣ የካቲት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እትዬ… ወሩን እንዳለ ነው ያወረድኩት። ቸኩዬ ነበር።»

«ሰዓቱስ? ይሄ የዓለም ሰዓት ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ጨርሳ ስትወጣ። ሌሊት የምትለዋን ከየት አመጣሻት?»

«እሷን እኔ አይደለሁም፤ በእናቴ!» አለች። «አቶ ብርሃኔ ናቸው። ቀን ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር፣ ሌሊት በይው አሉኝ።»

ወረቀቱን አንሥቼ ወጣሁ።

ብርሃኔና ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የተማሩት። ቤታችን ሲመጣ አንተ ነበር የምለው፤ እንደ ወንድም። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ፋሲል ከፊቱ ተቀምጦ ላፕቶፕ ላይ አንድ ነገር ያሳየዋል።

«አቶ ብርሃኔ፣ ሦስተኛውን ገጽ አንብበውታል?»

ቀና አለ። «ዛሬ ደግሞ አንቱ ተባልኩ?»

«ባሌንም ሟች አቶ ብላችሁታል። ማዕረግ ከሰጣችሁ አይቀር ለሁላችንም ይዳረስ ብዬ ነው።»

«ጥሩወርቅ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እናገራለሁ። የካቲት ሃያ ሰባት ነው። ኅዳር ስድስት አይደለም። የካቲት ሃያ ሰባት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ። ሰውየውን ከጎኑ ቆማችሁ አፈር ካለበሳችሁት ሁለት ወር ካለፈ በኋላ። ተነሥቶ መጥቶ ነው? ደረጃውን ወጥቶ፣ ዘበኛውን እንደምን አደርክ ብሎ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ?»

ብርሃኔ ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ አላየውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «የቁጥር ስህተት ነው። ይስተካከላል።»

«ቁጥሩ ከተስተካከለ ዓረፍተ ነገሩ ይወድቃል።»

«እንዴት ይወድቃል? መለያው የእሱ ነው። እሱን እኮ አልካድሽም።»

ፋሲል ጫማውን እያየ ነበር። ይህ ልጅ በዮሴፍ ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲያነሳ ሲያኖር የሰነበተ ነው። ጥሩዬ እያለ ነው የሚጠራኝ። እንዳልጮህበት ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ፋሲል፣ የካቲት ሃያ ሰባት መስኮቱ ጋ ያለው ኮምፒውተር ላይ ማን ነበር?»

«አላስታውስም ጥሩዬ።»

«እኔ ላስታውስህ። በማግስቱ ሥራችንን ሊጎበኙ እንግዶች ይመጡ ነበር። እኔ ያን ቀን ሐይቅ ዳር ሲም ካርድ ልቀይር ሄጃለሁ።»

ብርሃኔ ሊያቋርጠኝ እጁን አነሳ፤ ፋሲል ቀደመው።

«ማቀዝቀዣዎቹ በስክሪን የሚታዩበት ሰሌዳ በክፍለ ከተማ ይሁን ተባልኩ» አለ። «ለእንግዶቹ። በመስመር የሚለው አይገባቸውም፤ መናኸሪያ፣ አዲስ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ተብሎ በቀለም ቢሆን ያምራል ተባለ። ከመስመር አራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቡድኑን አጠፋሁት፤ ማቀዝቀዣዎቹን ከዚያ ወደ አዲሶቹ እከፋፍላለሁ ብዬ።»

«ከፋፈልካቸው?»

«የአዳራሹ ፕሮጀክተር አልሠራ ብሎ ጠሩኝ። ስመለስ አቶ ብርሃኔ በቃ ሰሌዳውን በእጅ ሥራው አሉኝ። በእጅ ሠራሁት። እነዚያን ረሳኋቸው።»

«በማን መለያ፣ በማን ቁልፍ ገብተህ?»

«በጋሼ ዮሴፍ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚመጣው እሱ ነው። ሁላችንም በሱ ነው የምንሠራው። ለኔ የተሰጠኝ ቁልፍ የለም።»

«ኮሚቴው ላይ ተቀምጠህ ስሙ ሲነበብስ?»

ዓይኑ ቀላ። «ብሌን ኅዳር ብላ ስታነብ… እንግዲያው እኔ አይደለሁም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ጋሼ ዮሴፍ ቀድሞ አጥፍቶት ይሆናል፤ እኔ የነካሁት ሌላ ይሆናል አልኩ። ማመን ፈለግኩ።»

ቢዋሽ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ብርሃኔ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «አሁን ስሚኝ። ይህ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ክትባት ያበላሸ ተብሎ ስሙ ከተጻፈ በዚህ ሙያ ማንም አያስጠጋውም። ዮሴፍ ግን ምን ይጎድልበታል? አይባረር፣ አይወቀስ። እኔም ወዳጄ ነበር። ቢኖር ኖሮ ራሱ ‹በእኔ ጻፉት› ይል ነበር፤ ታውቂዋለሽ።»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ መልሼ አነሳሁት።

«ቢኖር ምን ይል እንደነበር ለእኔ አይንገሩኝ» አልኩ። «እሱ ባልተናገረው ቃል ፈርማችሁ፣ ባልገባበት ሌሊት አስገብታችሁት፣ አሁን ደግሞ ፈቃዱንም እናንተው ሰጣችሁለት? ትናንት ታቢታ ደውላልኛለች። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ጋሼ ዮሴፍ ነው አሉ እኮ፤ የእኛ ዘበኛ ወንበር አውጥቶለት ስንት ማታ አብሮት የተቀመጠው ሰው ነው አሉ› አለችኝ። ሪፖርቱ ገና ሳይላክ ወሬው ሐይቁን ተሻግሯል። ሃያ እናት ባዶ እጇን የመለሰ ሰው ተብሎ ነው የሚቀረው። እሱ መልስ አይሰጥም። ለዚህ ነው የመረጣችሁት፤ መልስ ስለማይሰጥ።»

«አጋነንሽው።»

«ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ቡድኑ ለቀለም ሲባል ይፍረስ ያሉት እርስዎ። የእርስዎ ስም በየትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው? እስቲ ያሳዩኝ። አምስቱንም ገጽ ልገልብጥ።»

ብርሃኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤ የሚመታበትን ቦታ ያገኘ ሰው ፊት።

«ጥሩ። ሁሉም ይጻፍ እንግዲያው» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔም ይጻፍ። የፋሲልም ይጻፍ። ግን አንድ ነገር ጠይቄሽ ልጨርስ። አንድ ሰው ከሥራ ሲለይ መለያው በዚያው ቀን ይዘጋል የሚል መመሪያ አለን። የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የዮሴፍን ቁልፍ መዝጋት የማን ሥራ ነበር?»

ከጥር መጨረሻ ጀምሮ፣ ከአርባው በኋላ ሥራ ከገባሁበት ቀን አንሥቶ፣ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ የሌሊቱን ታሪክ መክፈት ነበር። ስሙ በየመስመሩ አለ። ዮሴፍ፣ ሙቀት አነበበ። ዮሴፍ፣ ማንቂያ ሞከረ። ማሽኑ በራሱ የሚሠራው እንደሆነ፣ ቀን ቀን ደግሞ ልጆቹ እንደሆኑ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ሥራዎች በዚያ ቁልፍ ይንቀሳቀሳሉ፤ ብዘጋው ይቆማሉ እል ነበር ለራሴ። እውነት ነው። በግማሽ ቀን ወደ ሌላ ቁልፍ ማዛወር እንደሚቻልም እውነት ነው።

«የእኔ ነበር» አልኩ። «አልዘጋሁትም።»

«ለምን?» ያለው ፋሲል ነው። ወዲያው ባልጠየቅኩ የሚል መሰለ።

«ምክንያቱ ለሪፖርቱ አያስፈልግም። ብሌንን ጥራልኝ።»

ብርሃኔ ይህን አልጠበቀም። ሳፍር፣ ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ሊያየኝ ነበር የፈለገው። ብሌን ገባች፤ ላፕቶፑ ጋ አስቀመጥኳትና ሦስተኛውን ገጽ እንዲህ ብዬ አጻፍኳት።

«መስመር አራት የተባለው ቡድን የጠፋው የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡41 ሰዓት ላይ ነው። ያጠፋው ፕሮግራመሩ አቶ ፋሲል ነው፤ ማቀዝቀዣዎቹን ወደ ሌላ ቡድን ሳያዛውር ሥራውን አቋርጧል። ያዘዘው ሥራ አስኪያጁ አቶ ብርሃኔ ነው፤ ትዕዛዙ በቃል ነው። የተሠራበት ቁልፍ ከዚያ በፊት በሞት የተለየ ባልደረባ ቁልፍ ነበር፤ ቁልፉን መዝጋት የነበረባት የሲስተም ኃላፊዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት፤ አልዘጋችውም።»

«የባልደረባውን ስም ልጻፈው?» አለች ብሌን።

«አትጻፊው። ምንም አላደረገም።»

«የእኔን ስም ካስገባሽ ማኅተም አይመታበትም» አለ ብርሃኔ። እንደገና ወደ ለስላሳው ድምፁ ተመልሶ ነበር። «ትዕዛዝ ሲባል እኮ… ሐሳብ ነው የሰጠሁት። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው ያለ ማኅተም ይቅር። እኔ የክላውዱን ታሪክ እንዳለ፣ በጎኑ ቀኑን በእኛ ቆጥሬ፣ በራሴ ፊርማ እልከዋለሁ። ከዚያ የቀድሞው ሦስተኛ ገጽ ለምን እንደተጻፈ እርስዎ ያስረዳሉ። ሌሊት የምትለዋንም ጭምር።»

ብሌን መተየቧን አላቆመችም። ያን ጊዜ ወደድኳት።

መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ፋሲል ቀጠለ፤ ሲፈርም እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው፤ ሌላ ታተመ፤ እንደገና ፈረምን። ብርሃኔ ስምንት ተኩል ካለፈ በኋላ ፈረመ። ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ዘለለ። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተላከ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ፋሲል ተከትሎኝ መጣ። በሩ ላይ ቆመ።

«ጥሩዬ፣ ይቅርታ ልልሽ…»

«ይቅርታህን ለታቢታ ትወስድላታለህ። በእግርህ። አሁን ተቀመጥ፤ ሥራ አለን።»

መጀመሪያ ለእሱ የራሱን ቁልፍ ሠራሁለት፤ ስሙን ሲያየው እንደ እንግዳ ነገር አፍጥጦ ተመለከተው። ከዚያ ሠላሳ አንዱን ሥራ ከዮሴፍ ቁልፍ ወደ እኔ ማዛወር ጀመርን። እሱ ስማቸውን ያነባል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ማቀዝቀዣዎቹ መልስ መስጠታቸውን እናያለን። ፈጥነን አልሠራንም። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ጨረስን። የቀረው አንድ ትዕዛዝ ነበር፤ የዮሴፍን ቁልፍ መዝጊያው።

«እኔ ልጻፈው?» አለኝ ፋሲል።

«አይሆንም።»

ጻፍኩት። ይህ ፕሮግራም ስህተት ሲኖር ነው ረጅም ነገር የሚያወራው፤ ሲሳካለት ምንም አይልም። ምንም አላለም። ጥቁሩ መስኮት ቀጣዩን ትዕዛዝ ጠበቀ። ፋሲል ፊቱን ወደ ክፍሉ መስኮት አዞረ፤ ከታች ባጃጆች ተሳፋሪ ይጣራሉ። እኔ መስመር አራትን ጠራሁ። ሰባቱም መለሱ። ታቢታ ጋ አራት ነጥብ ሁለት ዲግሪ ነበር።

ደወልኩላት።

«ሪፖርቱ ወጥቷል ታቢታ። ዮሴፍ አይደለም።»

«እኔ እኮ እሱ አይሆንም ብዬ ለዘበኛው ነግሬዋለሁ!» አለች ጮክ ብላ። «አሁኑኑ እነግረዋለሁ። ማን ነው ታዲያ?»

ሦስት ስም ነገርኳት። ሦስተኛው የእኔ ነበር።

በሥራ ድምፅዋ፣ «ሐሙስ እናቶቹ ተመልሰው ይመጣሉ፤ እርስዎም ይምጡና እዚህ ይንገሯቸው» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት።